ከመሳቢያው የጠፋው ካራ

ጥቅምት 4

ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፣

ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ወገብሽ እንዴት ናቸው? ወገብሽን ለብቻ የምጠይቀው ብርድ ሲገባ እንደሚያስቸግርሽ ስለማውቅ ነው። እኔ "ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ" ብዬ ልጀምር ነበር፤ "ናፍቆት ካለበት ማን ሂድ አለው?" እንደምትዪ ስለገባኝ ተውኩት። ደህና ነኝ። እጅሽን ከስለት፣ ደጃፍሽን ከክፉ ሰው ይጠብቅልሽ።

ባለፈው ደብዳቤዬ ስላለሁበት ቦታ በደንብ አልነገርኩሽም። ጫካ ውስጥ ነን። ስድስት ድንኳን፣ አሥራ አንድ ሰው። መሐንዲሶቹ ወደፊት ለሚወጣው መንገድ መሬት ይለካሉ። እኔ ከፊታቸው እየቀደምኩ ቁጥቋጦ እመነጥራለሁ፣ የልኬት ችካል እጠርባለሁ፣ ስንመለስ ደግሞ ማገዶ እፈልጣለሁ። ስልክ እዚህ አይሠራም። ስንቅ የሚያመጣው መኪና በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣል፤ ደብዳቤም የሚሄደውና የሚመጣው በእሱ ነው። ሾፌሩ ፊቱ ፈታ ካለ ደብዳቤ አለ ማለት ነው፤ ከተኮሳተረ ድንች ብቻ ነው።

የነበረንን ገጀራ ባለፈው ወር ወንዝ ስንሻገር ውሃ ወሰደው። መጥረቢያ ደግሞ ለችካል አይሆንም፤ ላሹል ስትዪ እንጨቱን ለሁለት ይገምሰዋል። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ ሻንጣዬ ሥር ተጠቅልሎ የተኛ አሮጌ የሥጋ ቤት ካራ ነበረኝ፤ ጫፉ የተሰበረ፣ በመሳል ብዛት ሆዱ የጎደለ። ለምን ይህን ገጀራ አላደርገውም አልኩ። እጀታውን አወለቅኩ፤ እንጨቱ ዕድሜ ልኩን ሞራ ጠጥቶ በስብሷል። የተሰበረውን ጫፍ ቆርጬ ድፍን አደረግኩት፤ አሁን ርዝመቱ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። ባልዲ ውሃ አጠገቤ አስቀምጬ፣ ብረቱ በሞቀ ቁጥር እየነከርኩ ሞረድኩት። ብረት ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ወኔው ይሞታል ይል የነበረው ጋሽ ሚዛኑ አይደል? ከወደቀ ዛፍ አዲስ እጀታ ጠርቤ በሦስት ችንካር ያዝኩት። በላዩ የአሮጌ ጎማ ላስቲክ ጠመጠምኩበት፤ መጨረሻው ላይ ቀዳዳ አበጅቼ የእጅ አንጓ የሚይዝ ገመድ አስገባሁ።

አሁን ችካል ያሾላል፣ ጭራሮ ይቆርጣል። ደረቅ ግንድ ላይ አስቀምጬ ጀርባውን በዱላ ስመታው እንጨቱን እንደ ዳቦ ይከፍለዋል። መሐንዲሶቹ "ባለካራው" ይሉኛል። ደም ሲያይ የሚያዞረው ልጅ ባለካራ ተባለ፤ አባባ በሕይወት ኖሮ ቢሰማ ምን ይል ነበር?

ለጋሽ ሚዛኑ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሠላሳ ዓመት ከአባባ ጎን ቆሞ ሲቆርጥ ሞረድ አያያዝ ያስተማረው እኔን ብቻ ነው፤ ለጥቅም ዋለ በይልኝ።

ታናሽሽ


ኅዳር 6

ለወንድሜ፣

የረገጥከው መሬት ይጽናልህ፣ የጨበጥከው እንጨት አይክዳህ። ደብዳቤህ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገበያው ሞቅ ሲል ደረሰኝ፤ በሽርጤ ኪስ ከትቼ ውዬ ስዘጋ አነበብኩት። ወገቤ ደህና ነው። ሉካንዳው እንደነበረው ነው። ከማዶ ሥጋ ቤት የከፈተው ሰውዬ አዲስ መስታወት አስገጥሞ ደንበኛ ሊያባብልብኝ ነው፤ ይሁንለት፣ መስታወት አይበላም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለሌላ እንዳይመስልህ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። በሬ ሲታረድ አጥር ዘለህ የምትጠፋ ሰው፣ የሥጋ ቤት ካራ ሻንጣህ ውስጥ ምን ይሠራል? በሰኔ ስትሄድ፣ እኔ ከብት ገበያ ውዬ ስመለስ ከጠረጴዛው መስታወት ሥር ያገኘሁት ወረቀት ዛሬም እዚያው አለ። "ሥራ አግኝቻለሁ፤ አትፈልጊኝ፤ ከልብሴ በቀር ምንም አልወሰድኩም" ይላል፣ በራስህ የእጅ ጽሑፍ።

የአባባ ካራ አንተ በሄድክ ሳምንት ከመሳቢያው ጠፍቷል። እስካሁን ያልጻፍኩልህ አንተን የሚመለከት ነገር ስላልመሰለኝ ነው። የእሱም ጫፉ የተሰበረ ነበር። በእርግጥ ጫፉ የተሰበረ ካራ በዓለም ላይ ብዙ ነው።

እስቲ ከየት እንዳገኘኸው ጻፍልኝ። በጤና ያቆይህ።

ታላቅህ


ታኅሣሥ 1

ለእትዬ፣

ቤትሽ ሰው አይጣ፣ ቃልሽ ከእኔ አይራቅ። ደብዳቤሽ በደህና ገባ።

የካራውስ ነገር ቀላል ነው። መንገድ ላይ አውቶቡስ ስንቀይር ሦስት ሰዓት ቆመን ነበር። እዚያ አሮጌ ብረት የሚሸጡበት ገበያ አለ፤ ከአንድ ሽማግሌ ቁራሌ ላይ ከመቀስና ከዛገ ቁልፍ መሃል አግኝቼ ገዛሁት። ሥጋ ቤት ያደገ ሰው ካራ ሲያይ እጁ የሚበላው ይመስለኛል። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት እውነት ነው፤ ስጽፈው ከልብሴ በቀር የያዝኩት አልነበረም።

ይልቅ ያጋጠመኝን ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ቋጠሮ ያለበት እንጨት ስመታበት ስለቱ ተሸረፈ፤ የምስር ፍሬ የምታህል ጎደለችበት። በጣም ደነገጥኩ። በኋላ ሳስበው ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ብረቱን አሳጥሬ፣ እጀታውን ለውጬ፣ ስለቱን ግን እንደ ሥጋ ቤቱ ትቼው ኖሯል። የሥጋ ስለት ቀጭን ነው፤ ለስላሳ ነገር እንጂ እንጨት አይችልም። ሁለት ምሽት ሞረድኩት፤ አፉን አወፈርኩት። አሁን ወረቀት አይቆርጥም፤ እንጨት ግን አይፈራም።

አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ልጠይቅሽ። ጋሽ ሚዛኑ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ካየ "እኔንም አንድ መስመር አስገባኝ" ሳይል አያልፍም። ከጥቅምት በፊት የላክሽውን ጨምሮ እስካሁን ከአንቺ ሁለት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ በሁለቱም ስሙ የለም። ሰላምታዬን አደረስሽለት? ታሞብሽ ነው ወይ? ከታመመ አትደብቂኝ።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 24

ለወንድሜ፣

ከአውሬም ከሰውም ክፋት ይሰውርህ። ስለ ጋሽ ሚዛኑ የጠየቅከኝ፤ ደህና ነው። ዕድሜ ነው፣ ዐረፍ ብሏል። ሌላ የምጨምርልህ የለም።

አሁን የአንተን ጉዳይ እንይ። በጥቅምቱ ደብዳቤህ "ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ ሻንጣዬ ሥር የተኛ" ብለሃል። በታኅሣሡ "መንገድ ላይ ገዛሁት" ብለሃል። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እያየኋቸው ነው። አባባ "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" ይል ነበር፤ የአንተ በሁለት ወር ቀለለ። ከቁራሌ ገዛሁት ካልክ በስንት? የጠራውን ዋጋ እንኳ አልነገርከኝም። አንተ ሠላሳ ሳንቲም ያስቀነስክበትን ቀን ለሳምንት የምታወራ ሰው ነህ።

ሦስት ጥያቄ አለኝ፤ ለሦስቱም መልስ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ያወለቅከው አሮጌ እጀታ ስንት ችንካር ነበረው? ሁለተኛ፣ ብረቱ ስፋቱ ስንት ጣት ነው? ሦስተኛ፣ ጀርባው ላይ፣ ወደ እጀታው ጠጋ ብሎ፣ ሦስት የመዶሻ ጠባሳ አለው ወይ? አባባ አጥንት ሲያስቸግረው ጀርባውን በመዶሻ ይመታው እንደነበር ታስታውሳለህ።

እጀታው ሥር ተሸፍኗል እንዳትለኝ። አዲሱን የሠራኸው አንተ ነህ፤ ሳታይ አልሠራኸውም።

ታላቅህ


ጥር 28

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ከአንድ ወር በላይ ጠበቅኩ። መኪናው በአሥራ አምስት ቀን ይመጣል ያልከው አንተ ነህ፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ ሄዷል።

ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ደብዳቤ እንደጻፍክለት ከልጁ ሰማሁ። ለእኔ ሳይሆን ለእሱ። ምን እንደጠየቅከው አልነገረኝም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ሱቄን ሲያልፍ ራሱን አጎንብሶ ነው። ከጀርባዬ ምን እየፈለግህ ነው?

ስለ ጫካው፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ሾፌሩ ፊት ከእንግዲህ አትጻፍልኝ። ያወለቅከውን እጀታም ተወው። የምፈልገው አንድ ቃል ነው፦ የአባባ ነው ወይስ አይደለም? በዚያ ካራ የተነሣ እዚህ የተደረገ ነገር አለ። አንተ የማታውቀው። ወይም ደግሞ ከሁላችን ይልቅ አንተ የምታውቀው።

ታላቅህ


የካቲት 9

ለእትዬ፣

ልብሽን ያቅናልኝ፣ ይህን እስክትጨርሺም ትዕግሥት ይስጥሽ።

ያለ ወቅቱ ዘንቦ ወንዙ ሞላና መኪናው ሳይመጣ ከረመ። ያንቺ ሁለት ደብዳቤና የልብስ ሰፊው መልስ ባንድ ቀን ነው የደረሱኝ። የእሱን አስቀድሜ ከፈትኩ። "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" ብሎ ነው የጀመረው። ጋሽ ሚዛኑ ከሐምሌ ጀምሮ መናኸሪያው በር ላይ ድንጋይ እያዞረ የሰው መቀስና ቢላዋ ይስላል አለኝ። ሌባ ተብሎ ከሉካንዳችን እንደተባረረም ጻፈልኝ። አንቺ "ዐረፍ ብሏል" ነው ያልሽኝ።

ካራው የአባባ ነው። ሦስቱም ጠባሳ አለ። የቁራሌው ወሬ ውሸት ነው። አንዴ ከዋሸሁ በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ገፋሁበት። ግን አልሰረቅኩትም፤ ጋሽ ሚዛኑም አልሰረቀም።

በሰኔ የሄድኩ ቀን እኩለ ቀን ነበር። ገበያተኛ አልነበረም። ወረቀቱን መስታወቱ ሥር ከትቼ ሻንጣዬን ይዤ በጓሮ ስወጣ ጋሽ ሚዛኑ የሥጋ ማንጠልጠያ ሜንጦዎቹን እያጠበ ነበር። ጫካ ሥራ ማግኘቴን ለእሱ ብቻ ነግሬው ስለነበር የት ነው አላለኝም። እጁን በጨርቅ አደረቀ፣ ገባ፣ መሳቢያውን ከፈተና በማዳበሪያ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞልኝ መጣ።

"ጫካ የሚገባ ሰው ባዶ እጁን አይገባም" አለኝ።

ምን እንደሆነ ሳውቅ እንቢ አልኩ። የእትዬ ነው፣ አልነካም አልኩት።

"የእሷ አይደለም" አለ። "የእኔ ነው።"

ከዚያ ነገረኝ። አባባ እጁ መንቀጥቀጥ በጀመረ ዓመት፣ አውራ ጣቱን የቆረጠ ቀን፣ ካራውን አጥቦና ጠርጎ ለእሱ ሰጥቶታል፤ "ከእንግዲህ ያንተ ነው" ብሎ። ጋሽ ሚዛኑ አባባ ከሞተ በኋላ አልተጠቀመበትም። ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ አኖረው፤ አንቺ መሳቢያውን እንደማትከፍቺ ያውቅ ነበር። ተቀምጦ ከሚዝግ ሥራበት፣ ከፈለግህም ቆርጠህ ሌላ አድርገው አለኝ። አንድ ነገር ብቻ አስማለኝ። እህትህ እንዳትሰማ አለ። አባቷ ልጁን ትቶ ለሠራተኛው ሰጠ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ትቆስላለች አለ። ማልኩለት።

የሠራሁት ዕቃ ደስ ብሎኝ በጥቅምት አፌ አመለጠኝ። ዓይንሽ ከመስመር መስመር እንደሚለቅም ረሳሁ። መሐላዬን ዛሬ አፈረስኩ፤ እሱ በእኔ ምክንያት ድንጋይ እያዞረ እያለ ግን መሐላ ምን ያደርግልኛል።

አንቺስ ምን አደረግሽው? አንቺው ንገሪኝ። ከልብስ ሰፊ አልስማው።

ታናሽሽ


መጋቢት 2

ለወንድሜ፣

ሰላም እልሃለሁ፤ ሌላ ምርቃት ዛሬ ከአፌ አይወጣም።

ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ። አንተ በሄድክ በስድስተኛው ቀን መሳቢያውን ከፈትኩ። አባባ ከሞተ ከፍቼው አላውቅም ነበር። አንተም ስትሄድብኝ ግን የእሱ የሆነ ነገር በእጄ መያዝ አማረኝ። ባዶ ነበር። ቁልፉ ያለው እኔና ጋሽ ሚዛኑ ጋ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ ከማዶ ያለው ሰውዬ ቆራጭ ይፈልግ ነበር፣ ጋሽ ሚዛኑንም ሁለት ጊዜ በሩ ላይ ሲያናግረው አይቼዋለሁ። አንተን አልጠረጠርኩም። ደም የሚፈራ ሰው፣ ደግሞም ጽፎ የሄደ ሰው።

ቅዳሜ ነበር። ሱቁ ሞልቷል። ካራው የት ነው ብዬ ጠየቅኩት፣ ሰው ፊት። ሥጋውን ቆርጦ ጨረሰ፣ ጠቀለለ፣ ለሴትየዋ ሰጠ። ከዚያ ዞሮ "አላውቅም አልልሽም፤ ግን አልነግርሽም" አለኝ።

ይህን መልስ አንተ ብትሰማ ምን ታደርግ ነበር? ከሠላሳ ዓመት በኋላ ንቆኝ መሰለኝ። ከማዶው ሰውዬ ጋር ተዋውሎ መሰለኝ። ሌባ አልኩት። ሽርጡን ፈታ፣ አጣጠፈ፣ ሥጋ መቁረጫው ጉማጅ ላይ አስቀመጠ፣ ወጣ። ከማዶም አልተቀጠረም፤ ያን ጊዜ እንኳ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

አሁን ግን ያንተን ወሬ ሙሉ በሙሉ አምኜዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። አንዴ ቁራሌ፣ አንዴ ስጦታ። ሁለታችሁ ተመካክራችሁ ቢሆንስ? አባባ ካራውን ከእኔ ደብቆ ለሌላ ሰጠ ትለኛለህ። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ በውርጭ ጠዋት የታረደ በሬ ከመኪና የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ጉማጁን በትኩስ ውሃ የምፍቀው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ "ይህ ያንቺ ነው" ሊለኝ አልቻለም?

ካራውን ላክልኝ። በዓይኔ ልየው። ሰውየውን አፈላልጌ የማናግረው ከዚያ በኋላ ነው።

ታላቅህ


መጋቢት 27

ለእትዬ፣

ሐሳብሽን ያቅልልሽ። ካራውን ጠቅልዬ ለሾፌሩ ሰጥቻለሁ፤ ከከተማ በፖስታ ይልክልሻል። አፉን በቆዳ ሸፍኜዋለሁ፤ ስትፈቺ ተጠንቀቂ። ስታዪው እንዳትደነግጪ፤ የምታውቂው ካራ አይደለም። ግማሹ የለም። ጠባሳዎቹ ግን አሉ፤ ላስቲኩን ትንሽ ወደ ኋላ ብትገፊው ሦስቱንም ታያለሽ። ሆን ብዬ ነው ያልሞረድኳቸው።

ውሸቴን አልከላከልም፤ የጠረጠርሽኝ በራሴ ጥፋት ነው። ግን አንድ ልበልሽ። ብረት ብታዪ ምን ይነግርሻል? ጠባሳው የአባባ መሆኑን ይነግርሻል እንጂ ማን ለማን እንደሰጠው አይነግርሽም። የሚነግርሽ መናኸሪያው በር ላይ ተቀምጧል። ይዘሽው ሂጂና ጠይቂው። በሕይወቱ ዋሽቶሽ አያውቅም፤ የዚያን ቅዳሜ እንኳ አልዋሸሽም።

እስከዚያው ችካል የምጠርበው ከጎረቤት ካምፕ በተዋስኩት ጥርሱ የረገፈ ገጀራ ነው። መሐንዲሶቹ "ባለካራው" ማለቱን ትተው "ባለዕዳው" ይሉኛል። አላሳቀኝም።

ታናሽሽ


ግንቦት 3

ለወንድሜ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ እጅህ የነካው ይቅናልህ። የዘገየሁት ተኮራርፌ አይደለም፤ የምጽፈው እስኪኖረኝ ነው።

ካራው ደረሰኝ። ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። ቆርጠህ ያሳጠርከውን ሳይ መጀመሪያ ልረግምህ ቃጣኝ። ላስቲኩን ገፋሁ፤ ሦስቱም ጠባሳ አለ። ሰባት ቀን መሳቢያው ውስጥ አስቀመጥኩት። መሄድ ፈርቼ ነው። ጋሽ ሚዛኑ እውነት ነው ቢለኝ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው ቢለኝ የቀረኝ ወንድም ውሸታም ነው። ከሁለቱ የትኛውን እንደምመኝ ራሴም አላወቅኩም።

ማክሰኞ ረፋድ ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። መናኸሪያው በር ላይ ከትኬት መስኮቱ ጎን ተቀምጧል፤ ድንጋዩን በእግሩ እየረገጠ የልብስ ሰፊ መቀስ ይስላል። ከስቷል። አየኝና መቀሱን ጨርሶ ለባለቤቱ እስኪሰጥ ድረስ አላናገረኝም። እንደ ሌላው ሰው ቆሜ ተራዬን ጠበቅኩ። ከዚያ ጥቅሉን ሰጠሁት።

ፈትቶ ብዙ ጊዜ አገላብጦ አየው። አውራ ጣቱን ስለቱ ላይ አሳለፈ። አንተ የሸረፍክበት ቦታ ላይ ቆመ።

"ማን ነው የሞረደው?" አለኝ።

"ልጁ ነው" አልኩት።

"ባልዲ ተጠቅሟል። ብረቱ አልሞተም።" ከዚያ "አንደበቱ ግን አላስቻለውም አይደል?" አለ። ቀድሞ ገብቶታል።

አባባ ካራውን ሰጥቶህ ነበር ወይ አልኩት። አዎ አለ። ለምን ለእኔ እንዳልሰጠኝ ጠይቀኸዋል ወይ አልኩት። እውነቴን ነው፣ ደግ መልስ ጠብቄ ነበር፤ "ለእጅሽ ሳስቶልሽ ነው" ወይም "ከዚህ ሥራ ሊያወጣሽ አስቦ ነው" እንዲለኝ።

"አልጠየቅኩትም" አለ። "ሰጠኝ፣ ተቀበልኩ።"

እዚያው መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አውቶቡስ ገባ፣ አውቶቡስ ወጣ። ያመንኩት ያን ጊዜ ነው፤ ሊሸነግለኝ የሚፈልግ ሰው ቢሆን ኖሮ የተሻለ መልስ ነበረው። በድዬሃለሁ አልኩት። ሰው ፊት ሌባ ብዬሃለሁ፣ ለእኔው ስትል ሆድ ይፍጀው ብለህ ዝም ባልክበት ነገር። አልተቆጣም፣ አላቀፈኝምም።

"እዚህ ድረስ መምጣትሽ ጥሩ ነው" አለ። "ግን ያን ቀን የሰሙት ሰዎች እዚህ የሉም።"

ካራውን መልሶ ጠቀለለና ሰጠኝ። ውሰድ፣ ያንተ ነው አልኩት። "የእኔ ካራ ነበር። ይሄ ሌላ ነገር ነው፤ እንጨት እየጠበቀው ነው፣ ላኪለት" አለኝ። በዚሁ ፖስታ ደርሶሃል ብዬ አስባለሁ። ስለቱን እዚያው ድንጋዩ ላይ አስተካክሎልሃል፤ የተሸረፈችውን ቦታ ፈልገህ አታገኛትም። መሐላ ስላፈረስክበት ለራሱ ጻፍለት። በእኔ በኩል አትላክ፤ አድራሻው መናኸሪያው በር ነው፣ ትኬት ቆራጯ ታደርስለታለች።

ቅዳሜ ሱቁ ሲሞላ ካራዬን አስቀመጥኩ። በሐምሌ እዚህ ቆሜ ጋሽ ሚዛኑን ሌባ ብዬዋለሁ፤ አልሰረቀም፣ የራሱን ዕቃ ነው ለወንድሜ የሰጠው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩ። የምወቀስ መስሎኝ ነበር። አንዲት አሮጊት ደንበኛችን ዘንቢላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወሩ "እኛማ መቼ አምነንሽ ልጄ፤ አንድ ኪሎ ቁረጪልኝ" አሉኝ። ከስድቡ ሁሉ ይሄ በለጠብኝ። ሰፈሩ በሙሉ ያወቀውን ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ቀና ስል ጋሽ ሚዛኑ ሰልፉ ውስጥ ቆሟል። አምስተኛ ነበር። ቅደም ያለው ሰው ነበር፤ እንቢ አለ። ተራው ሲደርስ ግማሽ ኪሎ አለኝ። ቆረጥኩለት። ጥቂት ሥጋ ልመርቅለት አሰብኩና ተውኩት፤ መመዘኛ ሳያይ በእጁ ብቻ እንደሚያውቅ፣ ምራቂውንም እንደሚመልስልኝ አውቃለሁ። ጠቅልዬ ሰጠሁት። ከፈለ። መልሱን ቆጥሮ ኪሱ ከተተ። ሊሄድ ዞረና ቆመ፤ ጉማጁ ላይ የተረፈውን አጥንት እያየ ነው።

"አጥንቱ ላይ ብዙ ሥጋ ተውሽ" አለኝ።

ካራዬን በእጀታው በኩል አዙሬ ዘረጋሁለት። "ና አሳየኝ" አልኩት።

"እኔ ደንበኛ ነኝ" አለ።

ከኋላው የተሰለፉት ሳቁ። እኔ ግን የማየው እሱን ነበር፤ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ እሱም እየሳቀ ነበር።

ታላቅህ